በጥቃቅን ነገር መማረር ነውር ነውን?

ሰው ታላቁን መከራ በትዕግሥት ተቀብሎ ትንሹን እንከን መሸከም ሲያቅተው ብዙ ጊዜ ይታያል። ልጁ ታሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስታምም ያላማረረው አባት፥ ጧት የጫማው ማሰሪያ ቢበጠስበት ሰማይና ምድሩን ሲረግም እንሰማዋለን። ይህ ከምን የመጣ ነው? ነውር ነው ወይስ የሰው ልጅ ባሕርይ ነው ተብሎ የሚታለፍ? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ሊቃውንትም በየዘመናቸው መርምረውታል። እኛ ግን ለዛሬው ምርመራችን ከመጻሕፍቱ አስቀድመን በየቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚታየውን አዲስ የቤተ ሰብ መኪና፥ ያንን «ኤስ.ዩ.ቪ.» እየተባለ የሚጠራውን ከፍ ያለ መኪና ብንመለከት የተሻለ ይመስለናል። የዘመናችን ሰው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ፥ ብዙ ተስፋም አድርጎ፥ ከዚያ በኋላ በትንንሽ ነገር የሚማረርበት ዕቃ ቢፈለግ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝምና።

እንደዚህ ያለውን መኪና አንድ ቤተ ሰብ የሚገዛው በዘፈቀደ አይደለም። ባልና ሚስት ዓመታት ቈጥበው፥ ከባንክም ከዘመድም ተበድረው፥ ልጆችን ከነቦርሳቸው፥ አያትንም ከነምርኵዛቸው ይይዛል ብለው መርጠው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤት እየመጣ «እንኳን ደስ ያላችሁ፥ የደስታ መሄጃ ያድርግላችሁ» ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ያው ጎረቤት «መኪናው እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን የሚሰጠው መልስ «ጥሩ ነበር፥ ምን ያደርጋል!» የሚል ነው። በዚህች «ምን ያደርጋል» በምትባለው ቃል ውስጥ ብዙ ነገር ተጠቅልሎ ይገኛል። በመሪውና በማርሹ ዙሪያ የተለጠፈው ጥቁር አንጸባራቂ ፕላስቲክ በመሸጫው አዳራሽ ውስጥ እንደ መስተዋት ያማረ ነበር፤ አሁን የጣት አሻራና የመንገድ አቧራ እየሰበሰበ በየሰዓቱ መወልወል ይፈልጋል። የኋላው መዝጊያ በኤሌክትሪክ ስለሚከፈት፥ ዝናብ እየወረደ ሰውየው አስቤዛውን ታቅፎ እስኪከፈትለት ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። የኋላው ቀበቶ መቈለፊያ በሁለት ወንበር መካከል ጠልቆ ስለ ገባ፥ እናት የሕፃኑን ወንበር ባሰረች ቍጥር የጣቷ ቆዳ ይላጣል። መኪናው በትራፊክ መብራት ላይ በቆመ ጊዜ ሞተሩ በራሱ ይጠፋል፥ እግር ከፍሬን ሲነሣ ደግሞ ተንቀጥቅጦ ይነሣል፤ ይህን እንዳያደርግ የሚከለክለውን ቁልፍ ዛሬ ቢጫኑት በማግሥቱ ሁሉን ረስቶ እንደገና ይጀምራል። ስልክ ከመኪናው ጋር አንድ ቀን ይገናኛል፥ አንድ ቀን አይገናኝም። ይህ ሁሉ ሳይበቃ መኪናው ይጮኻል፤ ቀበቶ አልታሰረም ብሎ ይጮኻል፥ በር አልተዘጋም ብሎ ይጮኻል፥ መሥመር ለቀቅህ ብሎ ይጮኻል፥ ፈጠንህ ብሎ ይጮኻል።

ቅሬታው የአንድ ሰው ወይም የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ጄ.ዲ. ፓወር የተባለው የጥናት ድርጅት ከ1987 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) አዲስ መኪና የገዙ ሰዎችን በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ስላገኙት ችግር እየጠየቀ፥ በ100 መኪና ስንት ቅሬታ እንደ ተገኘ ቈጥሮ ያስታውቃል። በቀድሞው ጊዜ ቅሬታ ሲባል ሞተር አልነሣ ማለቱ፥ ዘይት መፍሰሱ፥ ፍሬን አልይዝ ማለቱ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን በዚሁ ቈጠራ ከፍተኛውን ቦታ የያዘው የተሰበረ ነገር ሳይሆን፥ በመኪናው ፊት መካከል የተተከለው ስክሪንና ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ ነው። መኪናው ብዙ ጊዜ እንደ ተሠራው ሆኖ እየሠራ፥ ባለቤቱ ግን አልወደደውም ማለት ነው።

በዚህ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ፍርድ «ጥጋብ ነው» የሚል ነው። ይህም ፍርድ ታላላቅ ምስክሮች አሉት። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ስለ ቍጣ በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ፥ አሽከሩ ስለ ዘገየ፥ የሚጠጣው ውሃ ለብ ስላለ፥ መኝታው ስለ ተዛባ የሚቈጣ ሰው ሕመሙ ከነገሩ ሳይሆን ከገዛ ራሱ መላላት የመጣ መሆኑን ያስረዳል። በዚያው ሥፍራ ከሲባሪስ ከተማ ስለ ነበረ አንድ ቅምጥል ሰው ያነሣል፤ ያ ሰው የተኛበት የጽጌረዳ ቅጠል ስለ ተጨማደደ አመመኝ ብሎ ያማረረ ነው። በፕላስቲክ ላይ የጣት አሻራ ታየብኝ ብሎ የሚበሳጨው ባለ መኪና ከዚህ ሰው ጋር ዝምድና የለውም ለማለት ያስቸግራል።

ስኮትላንዳዊው አዳም ስሚዝ ደግሞ በ1759 ስለ ግብረ ገብ ስሜቶች ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በሌላ ወገን ያየዋል። ለሰዓት ልዩ ፍቅር ያለው ሰው በቀን ከ2 ደቂቃ በላይ የምትዘገይ የኪስ ሰዓቱን ንቆ በጥቂት ጊኒ ይሸጥና፥ በሁለት ሳምንት ከ1 ደቂቃ በላይ የማታዛባ ሰዓት በ50 ጊኒ ይገዛል። ነገር ግን ይላል ስሚዝ፥ ያ ሰው ከሌላው ይልቅ ቀጠሮ አክባሪ ሆኖ አይገኝም፤ የወደደው ጊዜውን ማወቁን ሳይሆን የመሣሪያውን ፍጹምነት ነው። ይህ አስተያየት የዛሬውን ባለ መኪና ልብ በትክክል የገለጠ ይመስለኛል። ሰውየው መኪናውን የገዛው ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ ነበር፤ ልጆቹም በደኅና ይደርሳሉ። የሚያስቈጣው በአሳቡ የሣለው ፍጹም መሣሪያ በእጁ አለመግባቱ ነው። ለዚህም ማስረጃ የሚሆን አንድ ነገር አለ። የመኪናው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቈጥር ስለ ሆነ በእኛ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ ብሎ ያሳያል፤ ይሁን እንጂ በዚህ የሚያማርር ባለ መኪና አልሰማሁም። ስድስት ሰዓት የሚለይ ሰዓት ታግሦ፥ በጥቂት ሴኮንድ በሚዘገይ መዝጊያ የሚቈጣ ፍጡር በእውነቱ የሚያስገርም ነው።

ሆኖም «ጥጋብ ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት የቀለለ ፍርድ ነው እንጂ የተመረመረ ፍርድ አይደለም። ማታ በመገናኛ ታክሲ ለመያዝ በዝናብ የተሰለፈውን ሰው እያሳዩ ባለ መኪናውን ማሳፈር ይቻላል። ማፈሩም ደግ ነው። ነገር ግን በዚሁ ሚዛን ከሄድን፥ ታክሲ የተሳፈረው ሰው ወንበሩ ጠበበኝ እንዳይል በእግሩ የሚሄደውን፥ በእግሩ የሚሄደውም ጫማዬ ላጠኝ እንዳይል ጫማ የሌለውን እያሳየን፥ በመጨረሻ ከሁሉ በታች ካለው ከአንድ ሰው በቀር አፉን የሚከፍት አይኖርም። ከእኛ የባሰበት መኖሩን ማስታወስ ልብን ያለዝባል፤ መቈለፊያው በሚገባው ቦታ መደረግ አለመደረጉን ግን አይነግረንም።

አባቶቻችን በበቅሎ ይሄዱ በነበረበት ዘመንም ቅሬታ ነበረ። አንዲቱ በቅሎ ውሃ ስታይ አልሻገርም ትላለች፤ ሌላይቱ ኮርቻ ሲጫንባት ሆዷን ትነፋለች፤ ሌላይቱ ከኋላዋ የቀረባትን ሁሉ ትራገጣለች። ይህን «ዓመል» ይሉታል፤ ባለቤቱም ዓመሏን ዐውቆ አብሯት ይኖራል እንጂ «ለምን እንዲህ ሆንሽ?» ብሎ አይሟገታትም። ዛሬም ሰዎች ስለ መኪናቸው ዓመል ሲያወሩ ይሰማል። ዳሩ ግን በሁለቱ መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። የበቅሎይቱን ዓመል ተቀምጦ የመከረበት ሰው የለም። በመኪናው ውስጥ ግን አንዲት ቁልፍ ትኑር ወይም ትቅር የተባለው በጠረጴዛ ዙሪያ ተመክሮበት ነው። የመቈለፊያው ጥልቀት፥ የደወሉ ድምፅ፥ የመዝጊያው ፍጥነት፥ ሁሉም የአንድ ሰው ፈቃድ ወይም የአንድ ሰው ቸልታ ነው። ስለዚህ ይህ ቅሬታ ሰውና ዕቃ የተጣሉበት ቢመስልም፥ በእውነቱ ሰውና ሰው የሚከራከሩበት ነው። ሰውና ሰው ከተከራከሩ ደግሞ፥ ማን ለማን ጥቅም ሲል ተቸገረ? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ለዚህ ጥያቄ በአሜሪካ አገር በ1974 የሆነው ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። ደረትንና ወገብን አንድነት የሚይዘውን የደኅንነት ቀበቶ ኒልስ ቦሊን የተባለው ስዊድናዊ መሐንዲስ በ1959 ለቮልቮ ፋብሪካ ሠራው። ቀበቶ በፊት ወንበር የተቀመጠን ሰው የሞት አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ዛሬ ታውቋል። በዚያን ጊዜ ግን አብዛኛው አሜሪካዊ ቀበቶው በወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ እያየው አያስረውም ነበር። መንግሥት ምክር እንዳልሠራ ባየ ጊዜ፥ የ1974 ሞዴል የሆኑት አዳዲስ መኪኖች በፊት ወንበር የተቀመጡት ሰዎች ቀበቶአቸውን ካላሰሩ በቀር ሞተራቸው እንዳይነሣ ሆነው እንዲሠሩ አደረገ። አሳቡ በጎ ነበር፤ አሠራሩ ግን ጅል ነበር። ወንበሩ ክብደት ሲሰማው ሰው ተቀመጠ ብሎ ስለሚያስብ፥ የገበያ ከረጢት ወይም ውሻ የተቀመጠበት እንደ ሆነ ለእርሱም ቀበቶ እሰሩለት ብሎ አልነሣም ይላል። ሕዝቡ እጅግ ተቈጣ፤ አያሌ ሰዎችም ሽቦውን አስቈረጡት። ቅሬታው ሕግ መምሪያው ምክር ቤት ድረስ ገባና በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በወጣው ሕግ መሣሪያውን ማስገደድ ቀረ፤ እንዲያውም መንግሥት ከ8 ሴኮንድ በላይ የሚጮኽ የቀበቶ ደወል እንዲደረግ ማዘዝ አይችልም ተባለ። ያ የ8 ሴኮንድ ወሰን የተነሣው በ2012 ነው።

ነገሩን ረጋ ብለን እንመልከተው። በ1974 በአሜሪካ መንገዶች ላይ 45 ሺህ ያህል ሰዎች ሞተዋል። በ1983 እንኳ ቀበቶውን ያስር የነበረው ከ100 ሰው 14 ያህሉ ብቻ ነበር። በ1984 የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሰው ሁሉ ቀበቶ እንዲያስር የሚያስገድደውን የመጀመሪያ ሕግ አወጣ፥ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ዛሬ ከ10 ሰው 9 ያህሉ ያስራል። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ጥቂት ትዕግሥት ቢኖር ኖሮ ሊተርፉ ይችሉ የነበሩት ሰዎች ቀላል ቍጥር አይደሉም። ጥፋቱ የማን ነው? የጆሮውን ጸጥታ ከሕይወቱ ያስበለጠው ገዢ አለበት። ነገር ግን ውሻን ከሰው የማይለይ መሣሪያ ሠርተው ለሕዝብ ያቀረቡትም ከጥፋቱ ንጹሕ አይደሉም፤ መልካሙን ነገር አስጠልተውታልና። እኔ ብጠየቅ ከሁለቱ የሁለተኛውን በደል አከብዳለሁ። ገዢው በችኰላ ተሳስቷል፤ ሠሪው ግን ለማሰብ ጊዜ ነበረው።

ስለ ቀበቶ ሲነሣ ቢያንስ የሚጠቀመው ራሱ የተቀመጠው ሰው ነው። ከኤስ.ዩ.ቪ. ጩኸቶች አንዳንዶቹ ግን ለባለ ገንዘቡ የተደረጉ አይደሉም። ይህን ዓይነት መኪና ብዙ ሰው የሚመርጠው ከፍ ብሎ ሩቅ ለማየት ነው። ሩቁን ያየ ግን ቅርቡን ያጣል። በ2002 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት አንድ የሕፃናት ሐኪም የሆነ አባት ይህን የመሰለ መኪናውን በገዛ ደጁ ላይ ወደ ኋላ ሲነዳ፥ ከኋላ የነበረውን የ2 ዓመት ልጁን ሳያየው ገደለው። አባትየው ኀዘኑን ይዞ ዝም አላለም፤ ሌሎችም ልጆቻቸውን እንዲሁ ካጡ ወላጆች ጋር ሆኖ ተሟገተ፤ በ2008 በሕፃኑ ስም የተሰየመ ሕግ ወጣ። ሕጉ ያዘዘው የኋላ ካሜራ በአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው ግን በሜይ 2018 ነው። አሥር ዓመት! ከዘገየበት ምክንያት አንዱ የካሜራው ዋጋ ክርክር ነበር።

የፊቱም ከኋላው አያንስም። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፥ የኮፈኑ አፍንጫ ከ40 ኢንች፥ ማለትም ከ1 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ መኪና እግረኛን ከመታ፥ 30 ኢንችና ከዚያ በታች ሆኖ ዘቅዘቅ ካለ ኮፈን ይልቅ የመግደሉ ዕድል 45 በመቶ ያህል የሚበልጥ መሆኑን አስታውቋል። እንግዲህ ወደ ግቢ ሲገባ መኪናው ዕቃ ተጠጋህ ብሎ ሲንጫጫበት የሚበሳጨው ሰው፥ መኪናውን ሲገዛ ከተጫራቾቹ አንዱ ያልነበረ፥ ዋጋውንም ያልጠየቀ አንድ ሕፃን ከጎማው አጠገብ ሊኖር እንደሚችል ማሰብ ይገባዋል። በመብራት ላይ የሚጠፋው ሞተርም እንዲሁ ነው። ለባለ መኪናው የሚያተርፍለት ነዳጅ ጥቂት ነው፤ ከመንገዱ ዳር ተቀምጣ ሻይ የምትሸጠው ሴት ግን የዚያን ሞተር ጢስ ቀኑን ሙሉ የምትተነፍስ ናት።

በሌላ ወገን ደግሞ ለማንም ሳይጠቅም የሚያስቸግር ነገር አለ። ከእነዚህ ዋነኛው ቁልፎችን ሁሉ ነቅሎ በአንድ ስክሪን ውስጥ የመቅበር ልማድ ነው። የቀድሞውን ማዞሪያ እጅ በዳሰሳ ያገኘው ነበር፤ ዐይን ከመንገድ ሳይነሣ ቅዝቃዜውም ሙቀቱም ይስተካከል ነበር። ስክሪን ግን ለጣት ሁሉም ቦታው አንድ ዓይነት ልሙጥ ስለ ሆነ ዐይንን ይጠራል። በ2022 ቪ ቢሌጋሬ የተባለ የስዊድን የመኪና መጽሔት 11 አዳዲስ መኪኖችን ከአንድ የ2005 ቮልቮ ጋር አወዳደረ። ነጂዎቹ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየሄዱ፥ ወንበር እንደ ማሞቅ፥ ራዲዮ እንደ መክፈት፥ የዳሽቦርድ መብራት እንደ መቀነስ ያሉ አራት ዓይነት ቀላል ሥራዎች እንዲሠሩ ተደረገ። ባለ ቁልፉ አሮጌ ቮልቮ በ10 ሴኮንድ፥ 306 ሜትር ተጉዞ ሲጨርስ፥ ከአዲሶቹ የመጨረሻው 44.6 ሴኮንድ ፈጀ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 1,372 ሜትር ሄዷል። ነጂው ዐይኑን በመንገዱና በስክሪኑ መካከል እያመላለሰ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነዳ ማለት ነው። በባሕር ላይም እንዲሁ ሆኗል። በ2017 በሲንጋፖር አጠገብ ጆን ኤስ. መኬይን የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭቶ 10 መርከበኞች ሞቱ። ምርመራው በስክሪን የሚሠራው መቈጣጠሪያ ሰዎቹን ለስሕተት የሚያጋልጥ መሆኑን አመለከተ፤ ሹማምንቱም መርከበኞችን በጠየቁ ጊዜ ብዙዎቹ በእጅ የሚያዘውን ማንቀሳቀሻ እንደሚመርጡ ነገሩአቸው፤ ባሕር ኃይሉም በ2019 ወደዚያው እንደሚመለስ አስታወቀ። በአውሮፓ ለመኪኖች ደኅንነት ኮከብ የሚሰጠው ዩሮ ኤንካፕ እንደዚሁ፥ ከ2026 ጀምሮ ለፍሬቻ፥ ለክላክስና ለዝናብ መጥረጊያ የተለየ ቁልፍ የሌለው መኪና ነጥብ እንዲያጣ ወስኗል። ሰው ሁሉ ሴኔካን ሰምቶ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ከዚህ አንዱም ባልተደረገ ነበር።

ለመፍረድ የሚያስቸግረው በሁለቱ መካከል ያለው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2024 ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ መኪና ሁሉ የፍጥነትን ወሰን የሚያስታውስ መሣሪያ እንዲኖረው ታዟል፤ ነጂው ሊያጠፋው ይችላል፥ መኪናው እንደገና በተነሣ ጊዜ ግን መሣሪያውም አብሮ ይነሣል። ለሰው ሕይወት ሲባል የተደረገ ነውና ልንቃወመው አይገባም። ነገር ግን ካሜራው የጎን መንገዱን ምልክት አንብቦ በዋናው መንገድ ላይ ያለውን ሰው በሐሰት «ፈጠንህ» እያለ ከነዘነዘው፥ ያ ሰው በሦስተኛው ቀን እውነተኛውንም ማስጠንቀቂያ መስማት ይተዋል። በአገራችን ደግሞ ለብቻው የሆነ ዓይነት አለ። በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ በአዲስ አበባ ከቻይና የመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለ ሆኑ የሚያሳዩት ጽሕፈትም የሚናገሩት ቋንቋም ቻይንኛ ነው። ባለቤቱ ሥዕሉን እያየ ይገምታል፤ ድምፅዋ ብቻ የሚሰማው ሴት ትናገራለች፥ ልጆቹም እየደገሙ ይሥቃሉ። ሣቁ ደግ ነው። ዳሩ ግን ሴትዮዋ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ትበል ወይም «የኋላው በር አልተዘጋም» ትበል የሚያውቅ የለም። ማስጠንቀቂያውን ገዢው በሚሰማው ቋንቋ አድርጎ ማስረከብ የአስመጪው ግዴታ ይመስለኛል፤ ስለዚህም በዚህ ጕዳይ የሚያማርር ሰው ነቀፋ ሳይሆን አጋዥ ይገባዋል።

ሌላም የሚቀር ነገር አለ፤ ይኸውም ቍጣው የሚወርደው በማን ላይ ነው? የሚለው ነው። መኪናውን የነደፈው ሰው በሩቅ አገር ተቀምጧልና ስድቡ አይደርሰውም። የሚደርሰው በአጠገብ ላለው ነው። ደወሉ ያበሳጨው አባት «ዝም በሉ!» የሚለው ልጆቹን ነው። መዝጊያው የዘገየበት ሰው የግቢውን በር የሚከፍተውን ዘበኛ ይቈጣል። በፕላስቲኩ ላይ አሻራ ያየው ደግሞ ሚስቱን «ስንቴ ልንገርሽ?» ይላታል። ተቀጥሮ የሚነዳው ሹፌር ጩኸቱን ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሲሰማ ይውላል፥ ለመማረር ግን ተራ አይሰጠውም። ሴኔካ ከቈጠራቸው ምሳሌዎች ውስጥ ውሃውና መኝታው ዱላ አይቀምሱም ነበር፤ ዱላውን የሚቀምሰው አሽከሩ ነበር።

ይህን ቍጣ ዐውቆ የሚሸጥ ነጋዴም አለ። ዕቃይቱ የቀበቶውን ምላስ የምትመስል ትንሽ ብረት ናት፤ በመቈለፊያው ውስጥ ስትሰካ መኪናው ሰውየው ታሰረ ብሎ ያምንና ዝም ይላል። የ1974ቱ ሽቦ ቈራጮች የልጅ ልጅ ናት ማለት ይቻላል። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራስዋ አሳጠረች» የሚባለው ለገዢዋ የሚስማማ ይመስላል፤ ነገር ግን ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይሄድም። በቅሎይቱ ያሳጠረችው የራስዋን ገመድ ነው። መኪና ግን ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል፥ ብረቲቱም ከመቈለፊያው ሳትወጣ አብራ ትሸጣለች። ሁለተኛው ባለቤት፥ ወይም ከጎን የተሳፈረው እንግዳ፥ ደወል ስላልሰማ ሁሉ የተስተካከለ መስሎት ይቀመጣል። ያንን ዝምታ የገዛውን ሰው ስሙን እንኳ አያውቀውም።